የግንባሯ ነጥብ

አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረችን ህንዳዊት ነበረች። ሳሪዋን ለብሳ፣ ከላይ ወፍራም ሹራብ ደርባ ትመጣለች። ብርዱ ሲጠና በክፍት ጫማዋ ላይ ካልሲ ታደርጋለች። በግንባሯ መሐል ደግሞ ቀይ ነጥብ አለ። እኛ ሒሳቡን ትተን ነጥቡን ነበር የምናየው። አንዱ ንቅሳት ነው ይላል፣ ሌላው በየጠዋቱ የምትቀባው ነው ይላል። አንድ ቀን ነጥቡ ወደ ግራ ቅንድቧ ሸሸት ብሎ መጣ። ለካ ተለጣፊ ነው። የዚያን ቀን ትምህርት የሚባል ነገር አልነበረም።

ከእሷ ክፍለ ጊዜ ሁለት ነገር ነው ይዤ የቀረሁት። አንደኛው ዜሮ ነው። የምሬን ነው፣ ከሃያ ዜሮ። ከጎኔ ከተቀመጠው ጎበዝ ልጅ አንድ ሳላስቀር ኮርጄ፣ የእሱ ፈተና ኮድ ሌላ፣ የእኔ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ስትመልስልኝ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ክብ ሠርታበታለች። ሁለተኛው ያኔ ያለችኝ ነው። «ይሄ ከአገሬ የመጣ ስጦታ ነው። ጥሩ አድርገህ ያዘው» አለችኝ በዚያ ፈጣን እንግሊዝኛዋ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የሰደበችኝ ነበር የመሰለኝ።

ከዓመታት በኋላ ለማስተርስ ህንድ ገባሁ። የተከራየሁት ክፍል መስታወት ላይ አምስት ስድስት ቀያይ ነጥቦች ተለጥፈው አገኘሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ተከራይ ማታ ማታ ከግንባሯ እያነሳች እዚያው ትለጥፋቸው ኖሯል። የቤቱን ባለቤት እንደ አገሬው ልጆች «አንቲ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቢንዲ» አሉኝ። ቃሉ ከጥንታዊው የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት፣ ቢንዱ ከሚለው የመጣ ነው፤ ጠብታ፣ ነጥብ ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ ለሚያጠና ጓደኛዬ ብነግረው ሳቀ። የጥንት የህንድ ሊቃውንት ዜሮን የሚጽፉት በነጥብ ነበር አለኝ። ያቺን ነጥብ የሚጠሯትም ቢንዱ ብለው ነው። ሱባንዱ የሚባል የሳንስክሪት ደራሲ ከሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት ገደማ የማታ ሰማይን ሲስል፣ ፈጣሪ ጨረቃን እንደ ጠመኔ ይዞ በጥቁሩ ሰማይ ላይ ሲያሰላ ያሳያል። ከዋክብቱ እሱ የበተናቸው የዜሮ ነጥቦች ናቸው። ይህን ስሰማ የአስተማሪዬ ግንባር ድቅን አለብኝ። ቢንዲ ዜሮ ነው እያልኩ አይደለም፤ ቢንዲ ጌጥም የሃይማኖት ምልክትም ነው፣ የራሱ ታሪክ አለው። ቃሉ ግን አንድ ነው። ስጦታውን ወረቀቴ ላይ ከማስፈሯ በፊት በግንባሯ ይዛው ስትመላለስ ነበር።

ጓደኛዬ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ የድሮ ዜሮ ማየት ከፈለግህ ግዋሊየር ሂድ አለኝ።

አብሮኝ የሚኖር ያገሬ ልጅ ነበር። እንሂድ ስለው «ሰው ታጅ ማሃልን ለማየት ባቡር ይሳፈራል። ዜሮ ለማየት የሚሳፈር አንተን አየሁ» አለ። መስመሩ አንድ ነው፣ ግዋሊየር ከአግራ ቀጥሎ ነው። አብረን ተሳፈርን፣ እሱ አግራ ላይ ወርዶ ቀረ።

የግዋሊየር ምሽግ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ረጅም አምባ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚሄደው ላይ ወዳለው ቤተ መንግሥት ነው። እኔ የምፈልገው ቤተ መቅደስ ግን ዳገቱ መሐል፣ መንገዱ ዳር ነው። ቻቱርቡጅ ይባላል፤ ባለ አራት ክንዱ ማለት ነው። ባለ አራት ክንዱ ቪሽኑ ነው፣ ሂንዱዎች ዓለምን ጠባቂ የሚሉት። ትንሽ ስለሆነ ልብ ካላሉ ያልፉታል። ጠጋ ስል ነው ያወቅሁት፤ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፊት ሲቆም ሳይወድ እጁ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። የጠራቢው መሮ የት ላይ እንደዞረ ይፈልጋል።

ቁልፉ ጥበቃው ጋር ነው። ጫማዬን ሳልጠየቅ አወለቅሁ፣ ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከዚያ ግን ደፉ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ኦርቶዶክስ ሆነህ አድገህ ከፊትህ የቆመውን ነገር ለመጥራት ቋንቋህ ያቀበለህ ቃል «ጣዖት» ብቻ ነው። ቃሉ ደግሞ ከነፍርዱ ነው የሚመጣው። ዝም ብዬ «ምስሉ» ልበለው አልኩና ገባሁ።

ጽሑፉ ግድግዳው ላይ ነው። ደቃቅ ፊደል፣ መስመር በመስመር፣ እንደ ብራና መጽሐፍ የተደረደረ። ጥበቃው ስንት ሰው ለዚሁ ብቻ እንደመጣበት እሱ ያውቃል፤ ምንም ሳልለው በስልኩ መብራት አንድ ቦታ አበራልኝ። 2፣ 7፣ ከዚያ ትንሽ ክብ። 270። ፊደሉን አንድም አላውቀውም፤ ቁጥሩን ግን አነበብኩት። ክቡ ከሁለቱ ያንሳል፣ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። እ.ኤ.አ. በ876 የተጻፈ ነው።

ምን ይላል መሰላችሁ? ስለ ባዶነት አይደለም። ስለ አበባ ነው። ለቤተ መቅደሱ መሬት ተሰጥቷል፤ አንዱ ጎኑ 270፣ ሌላው 187 ሐስታ ነው። ሐስታ የእኛው ክንድ ነው፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። መሬቱ የአበባ ቦታ ይሆናል። ከዚያ አትክልት ቦታ በየቀኑ 50 የአበባ ጉንጉን ለቪሽኑ ይገባል። ሃምሳውም ላይ ያቺው ክብ አለች። ቤተ መቅደሱን ያሠራው አላ የሚባል የምሽጉ ኃላፊ ነው፤ በድንጋዩ ላይ ስሙን አስቀርቷል። ክቧን የጻፈው ጠራቢ ግን እንግዳ ነገር እንደጻፈ እንኳ የተሰማው አይመስልም። ማብራሪያ የለው፣ ጌጥ የለው። እንደ ማንኛውም ቁጥር ጽፏት አልፏል። ያኔ ዜሮ ለእነሱ የሰፈር ነገር ሆኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቁጥር ማሰቤ አልቀረም። 270 በግእዝ ፪፻፸ ነው። 207 ደግሞ ፪፻፯። ሁለቱም ሦስት ሦስት ምልክት ናቸው፣ አንዱም ቦታ ባዶ አይደለም። ሰባትና ሰባ የየራሳቸው መልክ ስላላቸው ማንንም ባዶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ከ፩ እስከ ፼ ሃያ ምልክት ይዘን፣ ምዕራፍ ለመቁጠርና ዓመተ ምሕረት ለመጻፍ አንድም ቀን አልተቸገርንም። ግን ፪፻፸ን በ፻፹፯ አባዙ እስቲ፣ ወረቀት ላይ፣ አንዱን ከአንዱ ስር አድርጋችሁ። የአትክልት ቦታውን ስፋት ለማግኘት ማለቴ ነው። እኔ ባቡር ውስጥ ሞክሬው አግራ ሳልደርስ ተውኩት።

የሚገርመው ቃሉ ነበረን። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ቀሪ ሲጠፋ «አልቦ» ይባላል፤ የለም ማለት ነው። ሊቃውንቱ ምንም አለመቅረቱን ያውቁታል፣ ስምም ሰጥተውታል። ምልክት ግን አልሰጡትም። ህንዶቹ የለምን ጻፉት፤ ከጻፉት በኋላ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ቁጥሮች ሥራ አስያዙት።

ብዙ ሰው ህንዶች ዜሮን ያገኙት ስለ ባዶነት ብዙ ስላሰላሰሉ ነው ይላል። በሳንስክሪት ዜሮ ሹንያ ነው፣ ባዶ ማለት። ባዶነት ደግሞ በተለይ የቡድሃ ፈላስፎች ብዙ የተራቀቁበት ነው። ወሬው ያምራል። ዐይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ባሕታዊ፣ ከዝምታው ውስጥ ዜሮ ብቅ ስትል። እኔ ግን ያንን ግድግዳ ካየሁ ወዲህ ልቤ ወደ ሌላ ሰው አዘነበለ። ወደ ደብሩ ገበዝ በሉት። ስንት ጉንጉን ገባ፣ ስንት ቀረ፣ መሬቱ ስንት ክንድ ነው እያለ የሚያድር ሰው። አምልኮ ሥራ አለው። ሥራው ደግሞ ይቆጠራል።

ይህ ልማድ ከቤተ መቅደሱም በጣም ይቀድማል። ከሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በያጁርቬዳ ውስጥ የእሳት መሠዊያ ሲሠራ የሚደገም ጸሎት አለ። ካህኑ የደረደራቸው ጡቦች ላሞች እንዲሆኑለት ይለምናል። ቁጥራቸውንም ይጠራል። አንድ፣ አሥር፣ መቶ፣ ሺህ፣ እልፍ እያለ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ስም እየሰጠ፣ አንድ ተጽፎ አሥራ ሁለት ዜሮ እስከሚከተለው ቁጥር ድረስ ይወጣል። ያን ያህል ላም የት እንደሚግጥ እንጃ። ግን አስቡት፣ እያንዳንዱ ስም ያለፈውን በአሥር ያበዛል። መሰላሉ ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው የእያንዳንዱን እርከን ስም ትቶ በቦታው ብቻ ማሳየት ነው። ለዚያ ባዶው እርከን ላይ የሚቆም ምልክት ያስፈልጋል።

ትልቅ ቁጥር ደግሞ ይወዳሉ። አሁን አለንበት የሚሉት የካሊ ዘመን ብቻ 432,000 ዓመት ነው። አራቱ ዘመናት ተደምረው 4,320,000 ይሆናሉ። የሥነ ፈለክ መጽሐፎቻቸውን በግጥም ነበር የሚጽፉት፣ ተማሪው በቃሉ እንዲይዘው። ቁጥር በግጥም ቤት አይመታም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በቃል ይሸፍኑታል። ጨረቃ አንድ ናት፣ አንድ ስለሆነች። ዐይን ሁለት ነው። ቬዳ አራት ነው፣ ቅዱሳት መጻሕፍቱ አራት ስለሆኑ። ጥርስ 32። ዜሮ ደግሞ ሰማይ ነው። ከአንድ ቤት ተነስቶ ወደ ግራ ይነበባል፤ «አራት ሰማይ፣ ጥርስ፣ ቬዳ» ብትሉ አራት ዜሮ፣ ከዚያ 32፣ ከዚያ 4 ትጽፋላችሁ። 4,320,000 ወጣ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ቢሰማ ወንድሞቹን ያገኘ ነው የሚመስለው። ሰሙ ጥርስና ሰማይ፣ ወርቁ የአራቱ ዘመናት ዕድሜ።

ዜሮን ከቦታ ጠባቂነት አውጥቶ ሙሉ ቁጥር ያደረገው ሰው ብራህማጉፕታ ነው። የዛሬው ራጃስታን ውስጥ ባለችው ቢንማል ይኖር እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ628፣ በሠላሳ ዓመቱ፣ በጻፈው መጽሐፍ የዜሮን ደንብ አወጣ። ከዜሮ በላይ ያለውን «ሀብት»፣ በታች ያለውን «ዕዳ» ብሎ ጠራው። ዕዳና ሀብት እኩል ከሆኑ ድምራቸው ዜሮ ነው። ከዜሮ ላይ ዕዳ ሲነሳ ሀብት ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሸምድጄ ሳይገባኝ ቀርቷል። የሰፈራችን ባለሱቅ በዱቤ ደብተሩ ላይ የእናቴን ስም የሰረዘ ቀን ግን በደንብ ገብቶኝ ነበር። ኪሳችን ውስጥ አንድ ሳንቲም አልተጨመረም። እናቴ ግን ሀብታም ሆና ነው የገባችው።

ብራህማጉፕታ አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል። ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው አለ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ብትሞክሩት እምቢ ይላችኋል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ሌላው የህንድ ሊቅ ባስካራ ሌላ ቁጥር በዜሮ ሲካፈል ማለቂያ የሌለው ይሆናል አለ። ምሳሌ ሲፈልግ ደግሞ የሄደው ወደ አምላኩ ነው። ብትጨምርበት ብትቀንስለት አይለወጥም፤ ዓለማት ሲፈጠሩና ሲጠፉ እንደማይለወጠው አምላክ። የዛሬ ሒሳብ ይህንንም እንዲሁ አይቀበለውም። እኔ ግን ፈተና ላይ እንዲህ ብሎ የመለሰ ተማሪ ቢያጋጥመኝ ግማሽ ነጥብ አልነፍገውም።

ይህ ሁሉ ከህንድ እንዴት ወጣ? ከህንድ ውጭ ስለ ቁጥሮቹ የጻፈው መጀመሪያ የሚታወቀው ሰው የሶርያ ጳጳስ ነው፣ ሳዊሮስ ሴቦክት። በኤፍራጥስ ዳር ባለው በቀነሽሬ ገዳም የኖረ፣ ከእኛዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ የሆነችው የሶርያ ኦርቶዶክስ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ662 ግሪኮቹ «ዕውቀት ያለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው» ማለታቸው አንገብግቦት ህንዶቹን ጠራ። በዘጠኝ ምልክት የሚያሰሉት ስሌት ከቃል በላይ ነው አለ። ዘጠኝ ነው ያለው፣ አሥረኛዋን አልጠቀሳትም። ደፉ ላይ ቆሜ ቃል ያጣሁት ሰውዬ ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ።

ቀሪው መንገድ የታወቀ ነው። ባግዳድ ላይ የሒሳብ ሊቁ አል-ኽዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ825 ገደማ በህንድ ቁጥር ስለማስላት ጻፈ። ሹንያ በዐረብኛ ሲፍር ሆነ፣ ባዶ። የፒዛው ሊዮናርዶ፣ ፊቦናቺ የምንለው፣ በልጅነቱ አልጄሪያ ቢጃያ ላይ ተምሮት እ.ኤ.አ. በ1202 ለአውሮፓ ሲያስተዋውቅ «የህንዶቹ ዘጠኝ ቁጥሮች» ብሎ ነው የጀመረው። ሲፍር በጣልያን አፍ ተፈጭቶ ዜሮ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1299 የፍሎረንስ የገንዘብ ነጋዴዎች ማኅበር አባላቱ በእነዚህ ቁጥሮች ሒሳብ እንዳይመዘግቡ ከለከለ። ዜሮ በቀላሉ ስድስት ትሆናለች፣ ማጭበርበር ይመቻል ተብሎ ነው የሚባለው። ዛሬ ቼክ ላይ ገንዘቡን በፊደል የምንጽፈውስ ለምን ሆነና?

እኛ የዐረብ ቁጥር እንላቸዋለን። ዐረቦቹ ደግሞ የእነሱን «ሂንዲ» ይሏቸዋል። ይህን የነገረችኝ ሳዑዲ የሠራች የአክስቴ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ተጽፎ ተሰጥቷት በር ስታንኳኳ የማታውቀው ሰው ከፈተላት። አምስቱ ክብ ነው፣ ዜሮው ነጥብ። ክቡን ዜሮ ብላ አንብባዋለች፣ ነጥቡን ደግሞ ዝንብ የተወችው መስሏት ዘላዋለች። እኔ በልቤ ቢንዱ አልኩ። ነጥቡ እዚያ አሁንም በሕይወት አለ፣ በመኪና ታርጋ ላይ ሳይቀር።

ህንድ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ስታወራ የሚያደክምህ ሰው አይጠፋም። ዜሮን ብቻ ሳይሆን አውሮፕላንንም ሚሳይልንም ጥንት አባቶቻችን ሠርተውታል የሚል። ሰምቼ ሰምቼ ሳቄ ሊመጣ ሲል የራሳችን ነገር ትዝ ይለኝና አፌን እይዛለሁ። ባዶ ቦታ ለማሳየት ባቢሎናውያንም ምልክት ነበራቸው፣ ማያዎችም ለብቻቸው ዜሮ ነበራቸው። የግዋሊየሩም የመጀመሪያው አይደለም። ካምቦዲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ683 የተጻፈ ድንጋይ ላይ ዜሮ አለች፣ በነጥብ። እ.ኤ.አ. በ1881 ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው ባክሻሊ መንደር ገበሬ ሲቆፍር ያገኘው የዛፍ ልጣጭ ላይ የተጻፈ የሒሳብ መጽሐፍም በነጥብ ዜሮዎች የተሞላ ነው፤ በዕድሜው ሊቃውንቱ እስካሁን ይጨቃጨቃሉ። ይጨቃጨቁ። ድንጋዩ ላይ ያለችው ክብ እንደሆነች ማጋነን አያስፈልጋትም።

ከቤተ መቅደሱ ስወጣ የአበባ ቦታው የት ጋ ነበር ብዬ ጥበቃውን በምልክት ጠየቅሁት። እጁን ወደ ከተማው ዘረጋ፣ ቤት በቤት ላይ ወደተደራረበበት። ከዚያ በሩን ቆለፈና ሻዩን ሊጠጣ ሄደ።

ከዳገቱ ግርጌ አንዲት ሴት መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፋ የአበባ ጉንጉን ትሸጣለች። ቢጫ አበባ ነው፣ ከሩቅ አደይ የሚመስል፣ ሽታው ግን ኮምጠጥ የሚል። በክር እየሰካች ቀና አለች። ግንባሯ ላይ ነጥቧ አለች፣ ላብ ጠርዟን አንስቶታል። በእጄ ስንት አልኳት። የነገረችኝ አልገባኝም። ደገመችልኝ፣ አሁንም አልገባኝም። ስልኳን አወጣች፣ ካልኩሌተሩን ከፈተች፣ በአበባው ቢጫ በቆሸሸ ጣቷ ሁለት ነካች፣ ከዚያ ዜሮ ነካችና ወደ እኔ አዞረችው።